250 ዶላርና ሰባት ቤት አያት

መቀሌ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆጣሪ አለ። አንደኛው የመብራት ቆጣሪ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ሁለተኛው አጥንት ቆጣሪ ነው፤ እሱ መብራት በራም ጠፋም አይቆምም።

አንተ ወዳጄ ከሁለተኛው ወገን ነህ። ቀዳማይ ወያነ አካባቢ ጀበና ቡና ወደምንጠጣባት ቤት ብቻህን ገብተህ አታውቅም። ደጃዝማች አያትህን አስቀድመህ፣ ቀኛዝማች ቅድመ አያትህን አስከትለህ፣ ባላምባራስ ምንጅላትህን በጎን አሰልፈህ ነው የምትገባው። አራት ሆናችሁ ገብታችሁ አንድ በርጩማ ይበቃችኋል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ሦስቱ ቀድመው ይወጣሉ፤ አንተም "በመዝገብ ይያዝልኝ" ትላለህ። አከራይህ ኪራይ የጨመረብህ ዕለትም ደጃዝማቹ ከመቃብር ወጥተው ሲከራከሩልህ አላየንም።

ነገሩ የተነሳው በፎቶ ነው። ባጃጅ ነጂው ልጅ፣ ሎስ አንጀለስ ያለች እህቱ የላከችለትን በስልኩ ያሳየናል። ልጅቷ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2002 "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብላ በሰየመችው ሰፈር ምሳዋን በልታ፣ መሃል ከተማ ስትዞር የአንዲት ጥቁር ሴት ታሪክ ከነዓመተ ምሕረቱ የተቀረጸበት ረጅም ግድግዳ አገኘችና አነሳችው። ስልኩ እጅ ለእጅ ዞሮ አንተ ጋ ሲደርስ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ፣

"ይቺ ባሪያ ምን ሠርታ ነው ግድግዳ ላይ ያወጧት?" አልክ።

"ግድግዳው የቆመበት መሬት የሷ ነበር ይላል" አለ ልጁ።

ከት ብለህ ሳቅህ። "ባሪያንና መሬትን ደግሞ ምን አገናኛቸው?"

ቡና የሚያፈሉልን አደይ ረከቦታቸው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ "አንተንና መሬትን ያለያያችሁ ነገር ይሆናላ!" አሉህ።

ቤቱ ሳቀ። አንተ ግን "ዘር ከልጓም ይስባል" የምትለዋን ተረትህን ጥለህብን ወጣህ። እኔ ያኔ አፌን ቡና ሞልቶት ስለነበር አልመለስኩልህም። አሁን ባዶ ነው፤ እንካ።

ያቺ "ባሪያ" ያልካት ሴት ቢዲ ሜሰን ትባላለች። የተወለደችው በ1818 በአሜሪካ ደቡብ ነው። (የሷን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጠራልሃለሁ። አንተ አጥንት እንጂ ዓመት ስለማትቆጥር አያደናግርህም።) ጌታዋ ሚሲሲፒ ይኖር የነበረ ሮበርት ስሚዝ የሚባል ሰው ነው። ሰውዬው የሞርሞን እምነት ያዘና በ1848 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዩታ ተነሳ። ጓዙ በጋሪ፣ ቢዲ በእግር። ከጋሪዎቹ ኋላ ከብት እየነዳች፣ ሦስት ሴት ልጆቿን ይዛ፣ ትንሿ ገና ጡት ትጠባ ነበር፣ ከ2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። ከመቀሌ አዲስ አበባ ሂድ፣ ተመለስ፣ እንደገና ሂድ፤ ገና ይቀርሃል። በዚያ ላይ ሙያዋ አዋላጅነት ነበርና መንገድ ላይ ምጥ ሲመጣ የሚጠራው እሷን ነው። ሲደክማትስ ማን አለ ብትል፣ ከብቶቹ አሉ።

"የእኔ አባቶች በፈረስ ነበር የሚሄዱት" ልትለኝ ነው። አውቃለሁ። ለፈረሱ ማን ያጭድለት እንደነበር ደግሞ አንተ ታውቃለህ።

በ1851 ስሚዝ ከዩታ ተነስቶ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ገባ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ባርነት የሌለበት ግዛት ሆና ተመዝግባለች። ስለዚህ ቢዲ ድንበሩን ከተሻገረች በኋላ በሕግ ፊት ጌታ የላትም። ችግሩ ሕጉ የተጻፈው በወረቀት ነው፤ ቢዲ ማንበብ አትችልም፤ ማንበብ የሚችለው ስሚዝ ደግሞ ሊያነብላት አልፈለገም። እንዲህ ሆና ዓመታት አለፉ። ነፃ ሆኖ ነፃ መሆኑን ያልሰማ ሰው ማየት ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ፤ ግን ይህን ለሌላ ቀን እናቆየው።

በ1855 ስሚዝ አካባቢው አላማረውም። ባርነት ሕጋዊ ወደሆነባት ወደ ቴክሳስ ሊወስዳቸው ተነሳ። ይህን የሰሙ ነፃ ጥቁሮች፣ በተለይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፈረስ ጋጣ የነበረው ሮበርት ኦውንስ፣ ነገሩን ለሕግ አደረሱት። ሸሪፍ መጥቶ ከመንገድ አስቀራቸው። ጉዳዩ በጥር 1856 ዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ፊት ቀረበ። እዚህ ላይ ልብ በል፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ባሪያ መያዝን ከልክሎ ሲያበቃ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ እንዳይመሰክርም ከልክሏል። ነፃ ነሽ፣ ነፃ መሆንሽን ግን አትናገሪ! ዳኛው ምን አደረጉ? ከችሎት አስነስተው ጓዳ አስገቧትና እዚያ ጠየቋት። ወደ ቴክሳስ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ አሏት። ፈራሁ አለች። ስሚዝ በቀጠሮው አልመጣም፤ ጠፋ። ቢዲ ከልጆቿና አብረዋት ከነበሩት ጋር፣ በጠቅላላው 14 ነፍስ፣ ነፃ ወጣች።

አሁን የአንተ ተራ ነው። "ታዲያ ነፃ ከወጣች ወደ አገሯ አትመለስም?" ትላለህ። ወደ የትኛው አገሯ? አየህ፣ አንተ ከአያትህ በቀር አገር ያለ አይመስልህም።

ሥራ ገባች። ዶክተር ጆን ግሪፊን የሚባል ሐኪም ዘንድ አስታማሚና አዋላጅ ሆና፣ በቀን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ፈንጣጣ ሲገባ ሌላው በሩን ሲዘጋ እሷ በሽተኛ ቤት ትገባ ነበር። አሥር ዓመት እንዲህ አጠራቅማ በ1866 ስፕሪንግ ጎዳና ላይ በ250 ዶላር ቦታ ገዛች። የመቶ ቀን ደሞዝ መሆኑ ነው። ግን ከመቶ ቀን ደሞዝ ላይ የሦስት ልጆች ጉሮሮ ቀንስ፣ የቤት ኪራይ ቀንስ (ይህቺን እንኳ ታውቃታለህ)፣ ከዚያ አሥር ዓመት ለምን እንደፈጀ ይገባሃል። በሎስ አንጀለስ መሬት በስማቸው ካደረጉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆነች።

ያኔ ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ፣ ወይንና አትክልት የበዛበት ነበር። ሰው "እዚያ ዳር ላይ ምን ልትሠራ?" ሳይላት አልቀረም። መቀሌም ይህን ወሬ ታውቀዋለች፤ ትናንት "ጅብ የሚጮህበት" ሲባል የነበረ ሰፈር ዛሬ ደላላ የሚጮህበት ሆኗል። ስፕሪንግ ጎዳናም ቀስ በቀስ የባንኮችና የንግድ ቤቶች ሰፈር ሆነ። ቢዲ በ1884 ከመሬቷ ቆርሳ በ1 ሺህ 500 ዶላር ሸጠች። በቀረው ላይ ፎቅ ሠራች፤ ሱቆቹን አከራየች፣ ራሷ ከላይ ኖረች። አነበብከው? አከራየች! ያች "ባሪያ" ያልካት ሴት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የወሩን ኪራይ ትቀበል ነበር። አንተ የደጃዝማች ልጅ ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር በጓሮ በር ነው የምትወጣው።

ስሟን መጻፍ አልተማረችም። ውል ስትዋዋል ምልክት ታደርግ ነበር። አንተ ስምህን ከነአያትህ አሳምረህ ትፈርማለህ፤ የዱቤ መዝገብ ላይ። የሷ ምልክት ያረፈው የመሬት ውል ላይ ነው።

ሀብቷ ወደ 300 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር ይባላል። እሷ ግን እስረኛ ትጠይቃለች፣ ደጇ ላይ የሚሰለፈውን ታበላለች፣ ጎርፍ ቤት ባፈረሰ ጊዜ ባለ ሱቁን "የተቸገረ ሁሉ ይውሰድ፣ ሒሳቡን ከእኔ" አለችው። በ1872 በከተማዋ የጥቁሮች የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው እሷ ሳሎን ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ "አያት ሜሰን" ይላት ነበር። በጥር 1891፣ በ72 ዓመቷ ሞተች። መቃብሯ እስከ 1988 ድረስ ስም አልነበረውም፤ ድንጋይ የቆመላት የከተማዋ ከንቲባ ቶም ብራድሌይ በተገኙበት ከ97 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን መጨረሻውን ብቻ በማግስቱ እዚያው ቡና ቤት ስነግርህ ፊትህ በራ። "አየህ!" አልክ፤ "መቃብሯ ላይ እንኳ ስም አልነበራትም።"

"ካርታው ላይ ግን ነበራት" አልኩህ።

ዝም አልክ። ግን አንተ ዝም ስትል ለአየር ነው፤ ትንፋሽ ሰብስበህ ተመለስክ። "እሱ አሜሪካ ነው! የእኛን አገር አምጣ! በእኛ አገር ባሪያ እንደ ልጅ ነበር የሚታየው። ቤተሰብ ነበር!"

ጥጉ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡት ጡረተኛው የታሪክ መምህር መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንደ ልጅ ከሆነ ወራሽ ነበራ! የትኛው ደጃዝማች ነው ርስቱን ለባሪያው ልጅ ያካፈለው? ያንተ አያት ካካፈሉ አሁን ይነገረንና እናጨብጭብላቸው።"

አላጨበጨብንም።

መምህሩ አንድ ነገር ከጀመሩ ደወል ካልተደወለ አያቆሙም። የደጋው ርስት በገንዘብ የሚገኝ አልነበረም አሉ። ርስት የሚገኘው በትውልድ ነው። መሬት የምትፈልግ ከሆነ ሽማግሌ ፊት ቀርበህ "እኔ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ፣ እገሌ ደግሞ የዋናው አባት ልጅ" ብለህ ቆጥረህ መድረስ አለብህ። ባሪያ ማለት ደግሞ ያ ቁጥር የተቆረጠበት ሰው ነው። ከሩቅ ደቡብ ወይም ከምዕራብ ልጅ ሆና ተነጥቃ፣ ስሟ ተለውጦ፣ በገበያ ተሽጣ የመጣች ሴት የትኛውን እገሌ ትጥራ? አባቷን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ሽማግሌው አያውቀውም። ጌታዋ ቢሞት፣ ቢናዘዝላት፣ "ነፃ ነሽ" ቢላት፣ ከዚያ ቤት የምትወጣው በነፃነቷና በለበሰችው ነጠላ ብቻ ነው።

"ስለዚህ" አሉ መምህሩ፣ "ቢዲ መሬት ለመያዝ 250 ዶላር ነው ያስፈለጋት። እዚህ ብትሆን የሚያስፈልጋት ሰባት ቤት አያት ነበር። ዶላሩ በአሥር ዓመት ይጠራቀማል፤ አያት ግን አይጠራቀምም።"

እጅ አልሰጠህም። "ተሳስተዋል መምህር! እዚህ እንደርታ አካባቢ መሬት ለነዋሪ ሁሉ የሚታደልበት ሥርዓት ነበር።"

ይህን በማለትህ፣ እውነት ለመናገር፣ አክብሬሃለሁ። እውነት ነው፤ በትግራይ አንዳንድ መንደሮች መሬት በትውልድ ሳይሆን በነዋሪነት ይከፋፈል ነበር። ግን አደይ ቀደሙህ። "ነዋሪ የሚባለው የራሱ ጭስ ያለው ነው። በሰው ምድጃ ዳር የምታድረዋን ማን ነዋሪ ብሎ ቆጠራት? ጭሱን የምታነደው እሷ፣ ጭሱ የሚቆጠረው በጌታዋ።"

አዋጅ አልጎደለንም። መቀሌ ላይ ያ የምንኮራበት ቤተ መንግሥት የተሠራላቸው አጼ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ሲዋዋሉ አንዱ ውል የባሪያ ንግድን ስለማስቆም ነበር። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባሪያ ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጣበት አዋጅ ወጣ። "ቀስ በቀስ" የምትለዋን ልብ በል። አዋጁ ቀስ ይላል፣ ጅራፉ አይልም። በመጨረሻ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ጨርሶ ቀረ።

ከሁሉም የሚገርመው በመሃል የመጣው ነው። ጥቅምት 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጄኔራል ዴ ቦኖ ትግራይ ገብቶ፣ ገና መቀሌን ሳይዝ፣ "ባሪያ ሁሉ ነፃ ነው" ብሎ አወጀ። ሎሌውን ነፃ አውጥቶ ጌታውን ሊገዛ መምጣቱ ነው እንግዲህ! ይኸው ጄኔራል በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ያማርራል፦ ነፃ የወጡት ሰዎች አዋጁን ሰምተው እንደ መደሰት ጣሊያኖቹ ጋ እየመጡ "አሁን ማን ያበላናል?" ይሉ ነበር ይላል። መምህሩ ይህን ሲተርኩ አንተ ጭንህን መታህ። "አላልኩም? ባሪያ ነፃነት አይገባውም! አፉን ነው የሚያስበው!"

አደይ ሲኒውን አስቀመጡ። ሲያስቀምጡ ድምፅ ካሰማ ነገር አለ ማለት ነው።

"ሞኝ ጄኔራል! ሞኝ አንተ! ማን ያበላናል ማለት እኮ መሬቱስ ማለት ነው። ዕድሜዋን የሰው እርሻ ስታርም፣ ስትፈጭ፣ ውሃ ስትቀዳ የኖረች ሴት ማብላቱን ትችልበታለች። አንተን ማን አበላህና? የቸገራት የምትዘራበት ነው። ጄኔራሉ ነፃነት አደለ፤ ነፃነት በምን ይታረሳል?"

ብዙዎቹ ነፃ የወጡት እዚያው በጌታቸው ደጅ ቀሩ። ስማቸው ከ"ባሪያ" ወደ "አሽከር"፣ ወደ "ሠራተኛ" ተለወጠ። እንጀራው ያው የፊተኛው ምጣድ ነው።

አሜሪካም በዚህ አትመጻደቅብን። በጥር 1865 ጄኔራል ሸርማን ለነፃ ወጪዎች በየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም ወደ 16 ሄክታር ገደማ እንዲሰጥ አዘዘ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች መለሰው። ቢዲ ባለመሬት የሆነችው እንግዲህ ማንም ሰጥቷት አይደለም፤ የሰጠ ሁሉ መልሶ በሚቀማበት ዘመን ገዝታ ነው። ልዩነቱ እዚያ ቢያንስ የምትገዛው ነገር ገበያ ላይ መኖሩ ነው።

"እሺ ከባርነት ወጥታ ስም ያላት አንዲት ኢትዮጵያዊት ጥራልኝ!" አልከኝ። ጠራሁልህ፤ አስቴር ጋኖ። ኦሮሞ ናት። በ1878 ዓ.ም. ገደማ ለባርነት ሲያሻግሯት ጣሊያኖች ከባሕር ላይ አስጥለው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጧት። ያቺ ልጅ አድጋ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ቃላት ሰበሰበች፣ የሕዝቡን ግጥምና ተረት ጻፈች። ወደ ወለጋ ተመልሳ አስተማረች፤ ነቀምቴ ላይ በ1956 ዓ.ም. አረፈች። ብዙ ዘመን ምስጋናው የሚሄደው ለኦነሲሞስ ብቻ ነበር። እሱም እንደሷ ከባርነት የወጣ ነውና ጠብ የለንም፤ ግን ወንድ ሲተረጉም "ተርጓሚ"፣ ሴት ስትተረጉም "ረዳት" የሚባልበትን ሚዛን ማን እንደሠራው መጠየቃችን አልቀረም።

"ቋንቋ መሬት አይደለም" አልክ። አይደለም። ያንተም አያት ካርታ አይደሉም።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሁላችንም እኩል ይሳቅብናል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኛና ባላባት ቀረ፤ ማረስ ለሚሻ ያለ ጾታ ልዩነት እስከ 10 ሄክታር ይሰጠው አለ። አያት መቁጠር በአንድ ሌሊት ዋጋ አጣ። አንተም ይኸው እስከ ዛሬ ያልመነዘርከውን ገንዘብ ይዘህ ትዞራለህ። ቀጥሎ ሕገ መንግሥቱ መጣ። አንቀጽ 18 "ባሪያ አይደለህም" አለህ፤ ደስ አለህ። ገጽ ገልጠህ አንቀጽ 40 ስትደርስ "ባለመሬትም አይደለህም" አለህ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ደላላው ይህን ሲሰማ ተከፋ። (ደላላ የሌለበት የመቀሌ ቡና ቤት ፈልጌ አላገኘሁም።) "ማን ሸጠ? እኔ መሬት ሸጬ አላውቅም" አለ። "እኔ የምሸጠው ድንጋዩንና ቆርቆሮውን ነው። መሬቱ ከሥሩ አልለቅ ብሎ አብሮ ከሄደ የኔ ጥፋት ነው?"

ሲኒ የምታጥበው ሴት ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው። ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅላ መጥታ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በመጋረጃ ተለያይታ ነው የምትኖረው። "እኔ እኮ ባለመሬት ነኝ" አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "የይዞታ ደብተሩ በፌስታል ውስጥ አለ።"

"በማን ስም ነው?" አሏት መምህሩ። ትግራይ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ በመስጠት በ1990 ዓ.ም. ከክልሎች ሁሉ ቀዳሚ እንደነበረች፣ ወረቀቱም የሚጻፈው በቤቱ መሪ ስም እንደነበር ስለሚያውቁ ነው የጠየቁት።

"በባሌ። እሱ ሞቷል። መሬቱ እዚያ፣ ደብተሩ እዚህ፣ ባለ ስሙ እላይ" አለችና ጣሪያውን አሳየች። "ሦስቱን የሚያገናኝልኝ ደላላ ካለ ኮሚሽኑን እከፍላለሁ።"

ደላላው ጫማውን አየ። አንተም፣ ለክብርህ ስል ልመስክርልህ፣ ዘርህን አልቆጠርክም።

እኔ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቢዲ ሜሰን ያቺን 250 ዶላሯን በመሐረብ ቋጥራ መቀሌ ብትመጣስ? አንድ መስኮት ፊት ተሰልፋ፣ ተራዋ ደርሶ፣ ከውስጥ አንድ ጨዋ ልጅ፦

"አደይ፣ ምን ልታዘዝ?"

"መሬት ልገዛ ነው ልጄ።"

"መሬት አይሸጥም፤ በሊዝ ነው።"

"ሊዙ ስንት ዓመት ነው?"

"ለመኖሪያ 99።"

"እኔ የኖርኩት 72 ነው። የ27ቱን መልስ ትሰጠኛለህ?"

"መልስ የለውም። ደግሞ በጨረታ ነው፤ ጨረታ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። በእኛ አገር ሰው ነበር የሚጫረቱት።"

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቅጹን አወጣ። "ስም?"

"ቢዲ።"

"የአባት ስም?"

"ሜሰን በል።"

"አባትዎ ናቸው?"

"አይደለም፤ ነፃ ስወጣ የያዝኩት ነው። አባቴን ለመጠየቅ ጊዜ አልሰጡኝም።"

"የአያት ስም?"

"አያት ሜሰን።"

"እሱን አሁን ጻፍኩት እኮ። የአያትዎን ነው የምጠይቀው፤ አያትዎ ማን ናቸው?"

"አያቷ እኔ ነኝ። ካላመንክ ሎስ አንጀለስ ደውለህ ጠይቅ።"

"ይቅርታ አደይ፣ ይህቺ ቦታ በትክክል ካልተሞላች ሲስተሙ አይቀበልም።"

"ሕጉም ቃልሽን አልቀበልም ብሎኝ ነበር። ዳኛው ጓዳ አስገብተው ሰሙኝ። የአንተ ጓዳ በየት በኩል ነው?"

"አለቃ ናቸው የሚያስገቡት፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"መቼ ይወጣሉ?"

"አይታወቅም። ነገ ቢመለሱ ይሻላል።"

"ዩታ ድረስ ከብት እየነዳሁ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ቁጭ ብዬ መጠበቅማ ዕረፍቴ ነው። ያንን ወንበር ሳብ አድርግልኝ።"